ስሙ ዳማ ነው
ከእንስሳት ክሊኒኩ አሁን መመለሴ ነው። ካፖርቴን እንኳ ሳላወልቅ ነው የምጽፈው፤ የውሻዬ የዳማ አመድ ነው ብለው የሰጡኝ ሣጥንም እፊቴ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ዳማን ስለምታውቁት ማንነቱን አልዘረዝርም፤ ቡና ልትጠጡ መጥታችሁ ጫማችሁን ያልደበቀባችሁ ሰው ከመካከላችሁ የለም። እንዴት እንደሞተም ያን ዕለት ነግሬያችኋለሁ። የዛሬው ብሶቴ ከሞተ በኋላ ስለተደረገብን ነገር ነው።

«ማቃጠል ምን የሚሉት ነው፣ ቀብረሽው አታርፊም?» ያላችሁኝ አላችሁ። የት ልቅበረው? የምኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ የእኔ የምለው አንድ ክንድ መሬት የለኝም። ደሴ እያለን ውሻችን ሲሞት አባቴ በማዳበሪያ ጠቅልሎ ከጓሮው ባሕር ዛፍ ሥር ቀበረው፤ እኛ ልጆቹም አልቅሰን ገባን። እዚህ እኔ እንዲህ ማድረግ አልችልም። ሐኪሙ እንደነገረኝ፣ እንስሳው እንዲያሸልብ የሚወጋው ፔንቶባርቢታል የሚባል መድኃኒት ሥጋው ውስጥ ስለሚቆይ፣ ጥልቀት ከሌለው ጉድጓድ ቀበሮ ወይም ንስር ቢያወጣው የበላው ሁሉ ይመረዛል። ስለዚህ ማቃጠልን የመረጥኩት በዘመናይነት አይደለም፤ ሌላ መንገድ ስላልነበረኝ ነው።

ቅጹን የሞላሁት የዳማ ራስ ገና ጭኔ ላይ እያለ ነው። አንደኛው ምርጫ የጋራ የሚባለው ነበር፤ ከሌሎች እንስሳት ጋር አብሮ ይቃጠላል፣ አመዱም ለባለቤቱ አይመለስም። ሁለተኛው «ኢንዲቪጁዋል» ይላል፤ አመዱ ይመለሳል። እኔም ብቻውን ማለት ነው ብዬ ፈረምኩ። ክፍያው በክብደት ስለሆነ መዘኑት፤ 61 ፓውንድ ሆነ። የዋጋው እርከን 60 ላይ ስለሚያበቃ በአንዲት ፓውንድ ምክንያት ወደሚቀጥለው እርከን ተሻገርኩ። በዚያ ሰዓት ስለ ገንዘብ የሚከራከር አንጀት ስላልነበረኝ የተባልኩትን ከፍዬ ወጣሁ።

ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይመለሳል ብለውኝ 24 ቀን ጠበቅሁ። ክሊኒኩ ራሱ አያቃጥልም፤ አስከሬኑን በማቀዝቀዣ አቆይቶ፣ የማቃጠያው ድርጅት መኪና ሲመጣ ያስረክባል። ክሊኒኩ ስደውል «ከእኛ ወጥቷል፣ እነሱን ይጠይቁ» ይሉኛል። ማቃጠያው ጋ ስደውል ደግሞ «ውላችን ከክሊኒኩ ጋር ስለሆነ ለባለቤት መረጃ አንሰጥም» ይሉኛል። በዚህ መካከል አንድ ቀን በስልኬ መልእክት ገባ፤ መጣ ብዬ ልቤ ዘለለ። «የዳማ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ጊዜው ደርሷል፣ ቀጠሮ ይያዙ» ይላል። ይህንን ልብ በሉልኝ፤ ገንዘብ በሚጠየቅበት መልእክት ላይ ስሙን ያለ አንዳች ስሕተት ጽፈውታል።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ደወሉ። «የድራማ እናት ነዎት?» አለችኝ ልጅቷ። የተሳሳተ ስልክ መስሎኝ ልዘጋው ስል «ድራማ መጥቷል፣ መውሰድ ይችላሉ» አለችኝ። ከሥራ አስፈቅጄ ሄድኩ።

እንግዳ መቀበያው ላይ «ዳማን ልወስድ ነው የመጣሁት» አልኩ። «ዳማ የሚባል የለንም፣ ድራማ የሚባል ግን አለ» አለችኝ። ስሙ ዳማ መሆኑን፣ በአገሬ ይህ የፀጉሩ ቀለም ስም መሆኑን ነገርኳት። «መዝገባችን ድራማ ነው የሚለው፤ ቅጹን ሲሞሉ እርስዎ ተሳስተው ይሆናል» አለችኝ። እኔ ተሳስቼ! አሥራ ሦስት ዓመት በየቀኑ የጠራሁትን ስም! ያን ዕለት ቅጹን በስልኬ ፎቶ አንሥቼው ነበርና አውጥቼ አሳየኋት፤ በገዛ እጄ በትልልቁ የተጻፉ አራት የእንግሊዝኛ ፊደላት ናቸው። ከኋላዬ ድመቱን በመያዣ ይዞ ተራ የሚጠብቀው ሰውዬ ሳቀ። እሷም ፈገግ አለች። ፊቴ ጋለ።

«እንግዲያው ይህ አመድ የእኔ ውሻ መሆኑን በምን አውቃለሁ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«እመቤቴ፣ አመድ እኮ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው» አለችኝ።

ይህችን ቃል ከዚያ እስከ ቤቴ ድረስ ስደጋግማት መጣሁ። ይህ እኮ ነው ጭንቀቴ! አንድ ዓይነት ስለሆነ ነው የምጠይቀው! ከ800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሚደርስ ሙቀት ተቃጥሎ የሚቀረው አጥንት ብቻ ነው፤ እሱም በማሽን ይፈጫል። ዘረ መሉ በእሳቱ ስለሚጠፋ፣ ከዚያ በኋላ ይህ የማን እንደሆነ በምርመራ መለየት አይቻልም ማለት ይቻላል። በሥራቸው የሚጠነቀቁ ድርጅቶች ቁጥር ያላት የብረት ሰሌዳ ከአስከሬኑ ጋር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚያስጉዙት በዚህ ምክንያት ነው። «ሰሌዳው የታለ?» ስላት «ሁልጊዜ አይመጣም» አለችኝ።

«ቢያንስ ብቻውን ነው አይደል የተቃጠለው?» አልኳት፤ ልመና ነበር የቀረኝ። «የመረጡት ኢንዲቪጁዋል ነው፤ ብቻውን የሚቃጠለው ፕራይቬት ነው፣ እሱ ዋጋው ሌላ ነው» አለችኝ። ለካ ሦስተኛ ዓይነትም ኖሯል። እኔ በፈረምኩበት ብዙ እንስሳት በአንድ ምድጃ ውስጥ ተራርቀው ወይም በግርዶሽ ተለይተው ይቃጠላሉ፤ አመዳቸው ለየብቻ ቢሰበሰብም ጥቂት መቀላቀሉ አይቀርም። ኢንዲቪጁዋል የሚለውን ቃል አንዱ ድርጅት ለዚህ፣ ሌላው ብቻውን ለሚቃጠለው ይጠቀምበታል። ይህንን ዓይኔ በእንባ ተሸፍኖ ስፈርም ማን ነገረኝ? ቅጹ ላይ ፕራይቬት የሚል ምርጫ እንኳ አልነበረም።

ጥርጣሬዬን የበዛ ለምትሉኝ፣ በ2025 ፔንሲልቬኒያ ውስጥ የሆነውን አንብቡ። የግዛቲቱ ዐቃቤ ሕግ አንድ የቀብር አገልግሎት ባለቤትን የሰዎችን እንስሳት ቆሻሻ መጣያ ጥሎ የሌላ እንስሳ አመድ አስረክቧል ብሎ ከሶታል፤ ተጎጂዎቹም ከ6,500 በላይ ናቸው ተብሏል። እነዚያም እንደ እኔ ሣጥን ተቀብለው ቤታቸው አስቀምጠው ነበር።

ስም ሲጣመምብኝ የመጀመሪያዬ አይደለም። በመድኃኒት ቤት፣ በመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤት፣ በልጄ ትምህርት ቤት የእኔን ስም እንደ ፈለጋቸው ሲጠሩት ኖረዋል፤ እኔም ደክሞኝ አቤት ማለት ለምጄአለሁ። የዳማን ግን አልችልም። ሐኪሞቹ ሁሉ የፈረሙበት የማጽናኛ ካርድ እንኳ «ለድራማ ቤተሰብ» ነው የሚለው። የመዳፉ አሻራ ያለበት ሸክላ ሥርም ያው ስም ታትሟል።

«ለውሻ ነው ይህን ያህል?» የምትሉኝን ዛሬ እንድትተዉኝ እለምናለሁ። ባለቤቴ ባረፈ ጊዜ ለቀስተኛው ሁሉ በሰልስቱ ተበትኖ ሲሄድ፣ እግሬ ሥር ተኝቶ የቀረው እሱ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ የሚገባው ሰኞ ነው ብለውኛል። የቅጹን ፎቶ በወረቀት አሳትሜ እሄዳለሁ፤ የሰሌዳውን ቁጥር፣ የተቃጠለበትን ቀንና ስሙ የተስተካከለበትን ወረቀት ሳልቀበል አልወጣም። እስከዚያ ሣጥኑን አልከፍተውም። አሁን ተነሥቼ በሩ አጠገብ፣ ማሰሪያው ከተሰቀለበት ሥር አስቀምጠዋለሁ፤ ዳማ ከሆነ ቦታው እዚያ ነው።