ከመርፌ የሚወጣው ናሙና ሰዓቱ ይመዝገብ

ከጡት ዕጢ በመርፌ የሚወሰድ ናሙና ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ርዝመቱም ከ2 ሳንቲ ሜትር እምብዛም የማይበልጥ ቀጭን ሥጋ ነው። የካንሰሩ ዓይነት የሚታወቀውም መድኃኒቱ የሚመረጠውም ከዚህች ቅንጣት ነው። ሐዋሳ ላይ ስለ ካንሰር ሕክምና ሲወራ ሕንፃውና የጨረር መሣሪያው ይነሳሉ። እኔ ግን ቅድሚያ ለናሙናው አያያዝ ይሰጠው ባይ ነኝ።

የካንሰሩ ሴሎች የኢስትሮጅን (የሴት ሆርሞን) ተቀባይ ካላቸው ታሞክሲፈን የተባለው ርካሽ እንክብል ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ አዲስ አበባ ላይ ከተመረመሩት የጡት ካንሰር ሕሙማን ሁለት ሦስተኛ ገደማው ተቀባዩ አላቸው። ናሙናው ፎርማሊን (ሥጋው እንዳይበላሽ የሚያቆይ ፈሳሽ) ውስጥ ሳይገባ ከዘገየ ግን ተቀባዩ ይበላሻል፣ ምርመራው ያለውን «የለም» ይላል፣ ሴትዮዋም መድኃኒቷን ታጣለች። ዓለም አቀፉ መመሪያ ናሙናው በ1 ሰዓት ውስጥ አሲድነቱ የተስተካከለ 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ ይግባ፣ እዚያም ከ6 ሰዓት ያላነሰ ከ72 ሰዓት ያልበለጠ ይቆይ ይላል። ቤተሰብ ከይርጋለም ወይም ከዲላ በፌስታል ይዞት በሚመጣው ብልቃጥ ላይ ግን ብዙ ጊዜ የታካሚዋ ስም እንጂ ሰዓት አይጻፍም። ውስጡ ያለው ፎርማሊን ይሁን ሳላይን (የጨው ውሃ) እንኳ የሚታወቀው ሲከፈት ነው።

ይህ የአንዲት ታካሚ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ቲሹ ማይክሮአሬይ የተባለው ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1998 ይፋ ከሆነ ወዲህ፣ ከብዙ ሕሙማን ብሎክ (ናሙናው የተቀበረበት የፓራፊን ሰም) 0.6 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው ቅንጣቶች እየተበሱ በአንድ የፓራፊን ብሎክ ላይ ይደረደራሉ፤ የመቶዎች ዕጢ በአንድ ስላይድ (የማይክሮስኮፕ መስታወት) ላይ፣ አንዴ ቀለም ተቀብቶ ይመረመራል። ሪኤጀንት (የምርመራ ኬሚካል) በውጭ ምንዛሪ ለሚገዛ አገር ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ችግሩ ዘዴው የተፈጠረው በቀዶ ሕክምና ለሚወጣ ትልቅ ዕጢ መሆኑ ነው። የመርፌ ናሙና ብሎኩ ውስጥ በጎኑ ስለሚተኛ ጥልቀቱ ያው 1 ሚሊ ሜትር ነው። በ4 ማይክሮን (4 ሺኛ ሚሊ ሜትር) ውፍረት ቢቆረጥ በሒሳብ 250 ቁራጭ ይወጣዋል፤ ብሎኩ ማይክሮቶም (ስስ ቁራጭ የሚቆርጥ መሣሪያ) ላይ በተመለሰ ቁጥር ግን ፊቱን ለማስተካከል ብቻ ብዙ ይባክናል።

መፍትሔ አለው። ለታካሚዋ የሚያስፈልገው ምርመራ ሁሉ ካለቀና እሷም ከፈቀደች፣ የተረፈው ከፓራፊኑ ይወጣል፣ በ4 ሚሊ ሜትር ርዝመት ይቆራረጥና እንደ ጧፍ ቀጥ ብሎ በረድፍ ይቆማል። ያኔ ያው ሥጋ በሒሳብ 1000 ቁራጭ ይሰጣል። እያንዳንዱ ነጥብ ጠባብ ስለሆነ ከአንድ ሰው ሁለት ሦስት ቁራጭ መደርደር ግድ ነው፤ የእጅ ሥራውም ትዕግሥት ይጠይቃል። ትልቅ ማሽን ግን አይጠይቅም።

ዘግይቶ ፎርማሊን የገባ ናሙና እዚያ ረድፍ ውስጥ ሲቆም ግን አደጋው ይብሳል። የአያያዝ ጉድለት የበሽታ ጠባይ ይመስላል፤ የሲዳማ ሴቶች ካንሰር ተቀባይ የለውም የሚል ድምዳሜም ሊታተም ይችላል። ከዚያ በኋላ ታሞክሲፈን ለማን ይታዘዛል?

ስለዚህ የክልሉ ጤና ቢሮ የተዘጋጀ ፎርማሊን የተሞሉ ብልቃጦችን ለየሆስፒታሉ ያድርስ። በመጠየቂያ ቅጹ ላይም ናሙናው የተወሰደበትና ፎርማሊን የገባበት ሰዓት መሙያ ይኑር፤ ሰዓቱ ያልተሞላ ቅጽ ሲመጣም ላቦራቶሪው ላኪው ሐኪም ዘንድ ደውሎ ይጠይቅ።