መርፌው ከተወጋ በኋላ ያለው ሌሊት

እዚህ ሜሪላንድ መስከረም ሲጠባ ፋርማሲው ሁሉ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ማስታወቂያ ይለጥፋል። ዕድሜው 65 የሞላ ሰው ሜዲኬር በሚባለው የመንግሥት የጤና መድን ያለ ክፍያ ይከተባል፤ ከ2022 ጀምሮ ደግሞ ለአረጋውያን ጠንከር ያሉት የክትባት ዓይነቶች እንዲመረጡ የአሜሪካ የጤና ባለሥልጣናት ይመክራሉ። አንደኛው ዓይነት ከመደበኛው አራት እጥፍ መጠን ያለው ስለሆነ የተሻለ ይከላከላል፤ ክንድንም የበለጠ ያሳምማል። ለሽማግሌ እንዲህ መታሰቡን ከልቤ አደንቃለሁ። የሚያንገበግበኝ ከመርፌው በኋላ ያለው ዝምታ ነው።

እናቴ ባለፈው ዓመት ስትከተብ የተሰጣት በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት ብቻ ነበር። እኔ ሌሊት ሥራ ላይ ሳለሁ ብርድ ብርድ አላት፤ ሰውነቷን ቆረጣጠማት፤ ክንዷም አልነሣ አላት። ወረቀቱ ይህ ሁሉ ሊመጣ እንደሚችልና በአንድ ወይም በሁለት ቀን እንደሚያልፍ ይናገራል፤ ለእሷ ግን ማንም አላነበበላትም። የደም ማቅጠኛ የምትወስድ ሴት፣ መድማትን የሚያባብሰውን የሕመም ማስታገሻ፣ አይቡፕሮፌንን፣ ከመሳቢያ አውጥታ ዋጠች። ጠዋት ስገባ «በጤናዬ ሄጄ በሽታ ገዝቼ መጣሁ» አለችኝ።

አገር ቤት ይህ ክትባት ለአረጋውያን የተለመደ አይደለም፤ ሰው አተኮሰው ከተባለ ግን ጎረቤት አጥሚት ይዞ ይገባል፣ ዳማከሴ ይጨመቃል፣ «አይዞህ፣ ያልፋል» የሚል ሰው ከአልጋው አጠገብ አይጠፋም። እዚህ ለ15 ደቂቃ ወንበር ላይ አስቀምጠው ያሰናብቱና ሌሊቱን ለብቻ ይተዉታል።

መርፌው ሕያው ቫይረስ ስለሌለበት ኢንፍሉዌንዛ አያስይዝም፤ ሰውነትም መከላከያውን ለማዘጋጀት ሁለት ሳምንት ያህል ስለሚፈጅበት በመካከሉ ከሌላ ሰው ሊይዘን ይችላል። ያበጠ ክንድ ላይ ቀዝቃዛ ጨርቅ ማድረግ፣ ክንዱን ቀስ እያሉ ማንቀሳቀስና ፈሳሽ መጠጣት ይረዳል። ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል፣ ማለትም እዚህ ታይሌኖል የሚባለው፣ ለአብዛኞቹ አረጋውያን ከአይቡፕሮፌን ይሻላል፤ ጉበቱን የሚያመው ሰው ግን አስቀድሞ ሐኪም ይጠይቅ። ብዙዎቹ የጉንፋን መድኃኒቶችም ይኸው ፓራሲታሞል ስላለባቸው ደርቦ መውሰድ ጉበት ይጎዳል። ፊት ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ እርዳታ፣ 911፣ መደወል ነው፤ ትኩሳቱ ከሁለትና ከሦስት ቀን ካለፈ ወይም ሽማግሌው መቀባዠር ከጀመረ ሐኪም ይየው።

ይህን ሁሉ በአማርኛ ለመንገር አምስት ደቂቃ ይበቃል። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል የጤና ተቋም ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ወገኖቻችን ግን ሰው ማስቸገር እየመሰላቸው ሳይጠይቁ ይወጣሉ፤ በዓመቱም «ያ መርፌ አይደገመኝም» ይላሉ። እናቴም ዘንድሮ እንዲሁ ብላ ነበር፤ በስልክ አስተርጓሚ አስጠርቼ ፋርማሲስቱ የመድኃኒቶቿን ዝርዝር እያየ ለራሷ በቀጥታ ካስረዳት በኋላ ግን እጅጌዋን ሰበሰበች።