ሲይዙት ያደናግር

ደሴ ውስጥ ድራም መማር መጀመሩ የተሰማበት ሰው በመጀመሪያው ሳምንት የሚማረው ተረትና ምሳሌ ነው። «ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» የሚለውን እስከ ዓርብ ድረስ ከሰባት ሰዎች ሰምቻለሁ፤ ከሰባቱ አንዱ ፒያሳ ላይ ጫማዬን የሚጠርግልኝ ሊስትሮ ሲሆን፣ ለተረቱ ተጨማሪ ሒሳብ ባለመጠየቁ አመሰግነዋለሁ።

እውነቱን ለመናገር፣ እስካሁን ከበሮም ድራምም አልያዝኩም። በየሰርጉ የሚጫወተው ወጣት አስተማሪዬ ለጀማሪ ሙሉ ድራም መግዛት ገንዘብ መጣል ነው ብሎ ሁለት ስቲክ ብቻ ካስገዛኝ በኋላ፣ ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ቁራጭ ጣውላ ላይ ቸንክሮ ሰጠኝ። ትምህርቱም ይኸው ነው፦ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ቀኝ፤ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ግራ። ስሙ ፓራዲድል ይባላል። ፍጥነቱን የሚጠብቀው የስልኬ ሜትሮኖም በደቂቃ 60 ምት፣ ማለትም በሰከንድ አንድ ብቻ ይቆጥራል፤ እኔ ግን ሃያ ዓመት ሙሉ በመንግሥት ሥራ ላይ ቸኩዬ የማላውቀው ሰው፣ እርሱ አሥር ሳይደርስ አሥራ ሦስት ላይ እገኛለሁ።

ከጎማው የባሰው እግር ሲጨመር ነው። በተለመደው የአራት ምት አመታት ቀኝ እግር ትልቁን ከበሮ፣ ባስ ድራሙን፣ በአንድና በሦስት፣ ግራ እጅ ትንሹን ከበሮ፣ ስኔሩን፣ በሁለትና በአራት፣ ቀኝ እጅ ደግሞ ሃይሃት የሚባሉትን ጥንድ የብረት ሳህኖች በእያንዳንዱ ምት ሁለት ሁለት ጊዜ ይመታሉ። በፈረንጆቹ 1909 የቺካጎዎቹ የሉድቪግ ወንድማማቾች ባስ ድራሙን በእግር የሚያስመታ ፈጣን ፔዳል ባይሠሩ ኖሮ፣ ትልቁንና ትንሹን ከበሮ ለሁለት ሰው ማካፈል ምናልባት በቀጠለ ነበር፤ የመዋቅር ጥናት ተደርጎ የተቀነሰው ሰው ሥራ ግን ይኸው ዞሮ ዞሮ የእኔ ቀኝ እግር ላይ ወደቀ። በመሥሪያ ቤታችን አንዱ ክፍል ሌላው የሚሠራውን አያውቅም እየተባለ ይታማል። ለድራም የሚያስፈልገው እንዲህ ያለው አሠራር ሆኖ ሳለ፣ የእኔ ግራ እጅ ቀኝ እግሬን ሳያስፈቅድ አይንቀሳቀስም።

ጉዳዬ የታየው በሁለተኛው እሑድ፣ አከራዬ ቤት፣ ቡና ላይ ነው። በአቦል የጎማዬ ጩኸት ክስ ተሰማ። በቶና የባለሙያ አስተያየት የሰጡት ሁለት ጎረቤቶቻችን ናቸው። በወጣትነታቸው መንዙማ ላይ ድቤ ይመቱ የነበሩት አዛውንት ስቲኮቼን አገላብጠው ካዩ በኋላ፣ ከልብ አዝነው «እጅህን ምን ነካው?» ሲሉ ጠየቁኝ። በየሰርጉ ከበሮ የሚይዙት እናት ደግሞ ከግድግዳው ላይ ከበሮውን አውርደው፣ ሙዚቀኞች 6/8 ብለው የሚጽፉትን ችክችካ፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ እያወሩ፣ አንድም ምት ሳይስቱ መቱት። እንዴት እንደሚቆጥሩት ብጠይቃቸው «ምኑን? ገንዘብ ነው እንዴ?» አሉኝ፤ ከሜትሮኖሜ ጋር ገና ስላልታረቅሁ መልስ አላገኘሁም።

እኔም መከላከያዬን አቀረብሁ። ባለፈው ወር መንገዱን ዘግቶ በተተከለው ድንኳን ሦስት ሌሊት ሙሉ ስፒከር ሲጮህ ሁላችንም እያጨበጨብን እንዳነጋን፣ የእኔ ጎማ ግን በቀን ለግማሽ ሰዓት ብቻ እንደሚደበደብ በትሕትና አስታወስሁ። አከራዬ ሲኒዎቹን እየደረደሩ «ሰርግማ ያልቃል!» አሉ። ከዚያም በረካውን ቀድተው በሁለት እጃቸው አቀበሉኝና፣ ደሴ ብቻ በምታውቀው ርኅራኄ እንዲህ አሉኝ፦

«አብሽር ልጄ፣ ትችለዋለህ። እስክትችለው ድረስ ግን ገራዶ በኩል ሰፊ ቤት ይከራያል አሉ።»