ጌጃችሁን ሰብስቡልኝ!

አሁን ካልተነፈስኩ መፈንዳቴ ነው። እጄ ላይ ያለው ጨው ገና አልታጠበም፣ የፊደል ስህተት ካለ ቻሉኝ።

ዛሬ ባሕር ሥር ይዤው የጠለቅኩት ሰውዬ እጁ ላይ ያሰረው ዳይቭ ኮምፒውተር (ጥልቀትና ደቂቃ የሚቆጥረው የጠላቂ ሰዓት) ደመወዜን ያስንቃል፣ ካሜራው ግራና ቀኝ መብራት አለው። ጌጁ፣ ሲሊንደሩ ውስጥ ስንት አየር እንደቀረ የሚያሳየው፣ ግን ጉልበቱ ሥር ይወዛወዛል፤ ኦክቶፐሱም፣ አየር ላለቀበት ጓደኛ የሚሰጠው መጠባበቂያ መተንፈሻ፣ ከኋላው ተንጠልጥሎ፣ ጭነቱ የተፈታ አህያ ገመዱን እንደሚጎትት መሬት ለመሬት ይጎተታል። እዚህ ኢላት፣ የእስራኤል የቀይ ባሕር ከተማ፣ ባሕር ሥር ወደ ሰጠመው መርከብ ወደ ሳጢል ልንወርድ ነው። "ወንድሜ፣ ጌጅህን እዚህ ዲ ሪንግ ላይ ያዘው" አልኩት፣ መታጠቂያው ላይ ያለውን የብረት ቀለበት እያሳየሁት፣ በትህትና።

ከላይ እስከ ታች አየኝና "ውሃ ውስጥ ማን ያየኛል? የፋሽን ትርኢት ነው እንዴ?" አለኝ።

እሺ ብዬ ዋጥኩት። አላበቃማ! ጓደኞቹ እየሰሙ፣ "ለመሆኑ አንተ ከየት ነህ? እዚያ ባሕር አለ እንዴ?" ሁሉም ሳቁ። ኮምፕሬሰሩ ጋ የቆመው የኛው ልጅ ሳይቀር ሳቀ! ስሙን አልጠራም፣ ራሱን ያውቃል። አዎ፣ ባሕር የለንም። ዓይን ግን አለን።

እና ይኸው ጌታ ታች ወርደን፣ መርከቡ አጠገብ፣ በግራ እጁ ጀርባውን ይዳብሳል። ምን ፍለጋ? ጌጁን! ጎማው፣ ከሲሊንደሩ ወደ ጌጁ አየር የሚያመጣው ቱቦ፣ በሆድ መቀነቱና በክብደት ቀበቶው ሥር ተቀርቅሮ ጌጁ ከኋላ ቀርቷል። እኔው ባሕር የሌለኝ ሰውዬ ጎትቼ አውጥቼ አሳየሁት። የቀረው አየር ሰባ ባር! ሙሉው 200 ነው! በዚያ ጥልቀት! አመስግኖኛል እንዳትሉ፣ እጄን ነው የገፋው።

እስቲ ሕፃን በሚገባው ቋንቋ ልናገር። የጌጅ ጎማ ሲሊንደሩ ራስ ላይ ከሚገጠመው ክፍል፣ ከፈርስት ስቴጁ፣ በግራ በኩል ይወጣል፣ በግራ ብብት ሥር ያልፋል፣ ከዚያ ደረት ላይ ወይም ዳሌ ላይ ያለ ዲ ሪንግ ላይ ይያዛል። መቀነቱን ከመዝጋታችሁ በፊት ጎማውን ወደ ውጭ አውጡት። ከዘጋችሁ በኋላ ሳይሆን በፊት! ከሱቅ የሚመጣው ጎማ አብዛኛውን ጊዜ ከ80 እስከ 90 ሳንቲሜትር ነው። ዳሌው ላይ ለሚይዝ ሰው 60 ይበቃዋል፤ ትርፉ ቀለበት ሠርቶ ያገኘው ነገር ላይ ሁሉ ይጠመጠማል።

ጌጁን ዲ ሪንጉ ላይ የሚይዘውን ክሊፕ ደግሞ በብረት ቀለበት ከጌጁ ጋር አታጋቡት። ብረት ለብረት ከተያያዘ፣ ጨው ክሊፑን ባነቀው ቀን በቢላ መቁረጥ አትችሉም። በናይለን ሲባጎ፣ ጎማው ጌጁ ጋ ሲደርስ ባለው ብረት ላይ ሁለት ሦስት ዙር አጥብቃችሁ ቋጥሩና ጫፉን በላይተር አቅልጡት። አለቀ! የዚህ ዋጋ ስንት ነው? ከምንም አይቆጠርም። አለቃችን ግን መሳቢያ ሙሉ ክሊፕ ግዛልን ስንለው "ደንበኛ አትነካኩ" ይለናል። ለቲሸርት ማሳተሚያ ገንዘብ አለው።

ያ በስፕሪንግ የሚሳበው ማንጠልጠያ እንዳትሉኝ። አዲስ እያለ ደስ ይላል። ጨውና አሸዋ ሲገባው አንዴ ይዞ አይለቅም፣ አንዴ ለቆ አይመለስም።

ኦክቶፐስማ የራሱ ለቅሶ አለው። ቦታው ከአገጭ እስከ መጨረሻው የጎድን አጥንት ባለው ሦስት ማዕዘን ውስጥ ነው፤ በቀኝ በኩል መጥቶ፣ አፉ ወደ ታች ዞሮ። አፉ ወደ ላይ ከሆነ ውሃ ሲነካው ራሱ ይለቅና አየራችሁን ይጨርሰዋል። መያዣው በአንድ እጅ፣ ጓንት ተደርጎ፣ ሲጎተት መውጣት አለበት፤ ስትዘሉ ደግሞ መውደቅ የለበትም። ሌላ ፈተና የለውም። ኪስ ውስጥ የሚከቱት አሉ። አንዱ ባለፈው በፕላስቲክ ማሰሪያ ጠፍሮ መጣ! የፕላስቲክ ማሰሪያ! አየር ያለቀበት ጓደኛህ መቀስ ይዞ ይምጣ? የሚጎተተው ደግሞ አሸዋ ይቅማል፤ የመተንፈሻ መውጫው ቫልቭ ሥር አንድ ቅንጣት ከቆመች ቫልቩ አይገጥምም፣ ያ የተጨነቀ ሰው ሲስበው አየርና ውሃ ቀላቅሎ ይጠጣል።

ኮራሉን ልርሳው? ኢላት የቀረላት ሪፍ፣ የባሕር ሥር የኮራል አለት፣ ትንሽ ነው፣ በሕግም የተጠበቀ ነው። ድንጋይ የሚመስለው ክብ ኮራል በዓመት አንድ ሳንቲሜትር ገደማ ቢያድግ ነው። በተንጠለጠለ ጌጅ አንዴ ሲመታ አስቡት። "ማን ያየኛል?" ይለኛል እንጂ!

ሌላኛው ጽንፍም አለላችሁ፣ ዩቲዩብ ያጠመቃቸው። የፍሎሪዳ የዋሻ ጠላቂዎች 2.1 ሜትር የመተንፈሻ ጎማ የሚይዙት በጠባብ መንገድ ፊትና ኋላ ሆነው አየር ተጋርተው እንዲወጡ ነው። አፋቸው ውስጥ ያለውን ይሰጣሉ፣ ሁለተኛው በአጭር ጎማ መጥቶ አንገታቸው ላይ በላስቲክ ታስሯል። ትርፉን ጎማ ወገባቸው ላይ ባለው የመብራት ባትሪ ሥር ያሳልፉታል። የኛ ጀግና ባትሪም የለው፣ ዋሻም የለው፣ ትርፉ ጉልበቱ ላይ! ካማረህ 1.5 ሜትር ግዛ፣ በቀኝ ብብት ሥር አሳልፈህ አንገትህን አዙረው፣ ትርፍ የለውም።

ደግሞ ጌጁ ጋ ትንሽ አረፋ ባየ ቁጥር ቁልፍ ይዞ የሚያጠብቅ አለ። ማጥበቅ ምን ያደርጋል? የሚያፈሰው ጌጁና ጎማው መሃል ያለችው ትንሽ ማዞሪያ ናት፤ ሁለት ጥቃቅን ኦሪንግ፣ አየር የሚያግዱ የላስቲክ ቀለበቶች፣ አላት። ሲሊንደሩን ዝጋ፣ አየሩን አፍስስ፣ ጌጁን ፍታና እሷን ቀይር። ሰው ሁሉ የሚፈራውም የጌጁን ጎማ ነው፣ 200 ባር ስለሆነ። በዚያ ጎማ አየር የሚገባው በመርፌ ቀዳዳ ስለሆነ ቢፈነዳ እንኳ ቀስ እያለ ነው የሚያፈሰው። 10 ባር ገደማ ያለው የመተንፈሻው ጎማ ከተበጠሰ ግን ሲሊንደሩን በጣም ቶሎ ይጨርሰዋል። እሱን ማን ያየዋል? ፈርስት ስቴጁ ጋ ያለውን ጎማ ጠባቂ ላስቲክ ወደ ኋላ ሳቡትና ጎማውን አጠፍ አድርጉት። ስንጥቅ ካለ፣ ብረቱም አረንጓዴ ካወጣ፣ ቀይሩት። ያ ላስቲክ ከሚጠብቀው የሚደብቀው ይበዛል። በጨርቅ የተጠለፈው ዘመናዊ ጎማም ያው ነው፤ ውጩ አዲስ መስሎ የውስጡ ፕላስቲክ በሙቀትና በእርጥበት የሚበላበት አለ።

ሲሊንደር ስትከፍቱም ጌጁን ፊታችሁ ላይ አትደግኑት፣ መስታወቱን ወደ መሬት አዙሩ። ስንቴ ልናገር?

ደክሞኛል ወገን። ማታ ደግሞ ማጠቢያው ጋ ስሄድ ሰባት ሬጉሌተር፣ ፈርስት ስቴጁና ጎማዎቹ መተንፈሻዎቹም አንድ ላይ፣ የአቧራ ክዳኑ ሳይገጠም ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ አገኘሁ፤ የታጠበውን ደግሞ ጎማው አንገቱ ላይ በምስማር አጥፈው ሰቅለውታል። ጎማ በሰፊ ክብ ተጠቅልሎ ነው የሚቀመጠው ብዬ ግድግዳው ላይ በሦስት ቋንቋ ለጥፌያለሁ። ወረቀቱን አንዱ ስልክ ቁጥር ጽፎበታል። የሰቀላችሁት ነገ ራሳችሁ አውርዱት።