ውኃ የማይቀዳበት የካይሮ ሰቢል

በአሮጌዋ ካይሮ የሙዒዝ ጎዳና ሹካ ሆኖ በሚከፈልበት ቦታ የቆመው የኦቶማን ዘመኑ ሹም የአብዱረህማን ካትኹዳ ሰቢል የጎብኚ ካሜራ አይለየውም። እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ1744 የተሠራ፣ በሦስት ወገን መስኮቱ በፍርግርግ የተሸለመ ውብ ሕንፃ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ውበቱ ሳይሆን ያ ሁሉ ውኃ በማን ገንዘብ ይቀዳ እንደነበር ነው።

ሰቢል ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ የሚጠጣ ውኃ በነፃ የሚታደልበት ቤት ነው። ዝናብ ብርቅ የሆነባት ካይሮ የምትጠጣው ከዓባይ ነበር። ውኃ ቀጂዎች በአቁማዳ ሞልተው፣ በግመል ጭነው፣ ከሕንፃው ሥር ወዳለው ማጠራቀሚያ ይገለብጡት ነበር። ማጠራቀሚያዎቹ በተለይ የሚሞሉት ወንዙ በሚሞላበት ወቅት ነበር፤ ያ ሙላት ደግሞ በአብዛኛው የእኛ ክረምት ነበር። ስለ ዓባይ ስንከራከር በቢሊዮን ሜትር ኩብ መቁጠር ለምደናል፤ የጎጃም ዝናብ በካይሮ መስኮት በኩባያ ሲታደል እንደኖረ የሚያነሣ ግን እምብዛም አይገኝም።

ቀጂው ደመወዝ፣ ግመሉ መኖ ይፈልጋል። ማጠራቀሚያው መታጠብ፣ ኩባያው መተካት አለበት። ለዚህ የተበጀው መላ ወቅፍ ነው፦ ሰቢል የሚያሠራ ሰው የሱቅ፣ የቤት ወይም የእርሻ ገቢ ለዘለቄታው ለዚያ ሥራ እንዲውል በሰነድ ያስራል። ፎቁ ላይ ወላጅ አልባ ልጆች ቁርኣን የሚማሩበት ኩታብም የሚተዳደረው በዚሁ ነበር። ካትኹዳ ራሱ ኋላ ሥልጣኑን ተነጥቆ መካና መዲና ወዳሉበት ወደ ሒጃዝ ተሰድዷል። ወቅፍ የታሰበው ለእንዲህ ያለው ቀን ነው፤ ሠሪው ሲወድቅ ሥራው አብሮ እንዳይወድቅ። ሪባን ቆርጦ ቦኖ እየመረቀ ለጥገናው ሳንቲም የማይመድብ የዘመናችን ባለሥልጣን ከእነዚያ የኦቶማን ዘመን ሹሞች ቢማር አያፍርም።

በ1865 ለካይሮ የውኃ ኩባንያ ፈቃድ ተሰጠ፤ ቧንቧው ቀስ በቀስ ሲስፋፋ ሰቢሎቹ ሥራ ፈቱ። በ1979 አሮጌዋ ከተማ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበች። ድንጋዩን መጠገን ተገቢ ነው፤ ለጥገናው ገንዘብ የሚያዋጡ ሁሉ ግን የአንዱን ሱቅ ኪራይ ለይተው፣ ከመስኮቶቹ ቢያንስ በአንዱ ለመንገደኛው ንጹሕ ውኃ እንደገና ቢያስቀዱ ኖሮ ዕድሳቱን ሙሉ እለው ነበር።