«ይሄ ብቻ ነው?»

«ይሄ ብቻ ነው?» አሉኝ የባለቤቴ አጎት። እንዲህ ያሉት ዓባይን እያዩ ነው። ዓባይን!

ጥር ውስጥ ነው፣ እሑድ ቀን። ከአዲስ አበባ መጡ፣ ምሳ ተበላ፣ ቡና ተጠጣ፤ ከዚያ እንደ ወጉ ወደ ሰማዕታት ሐውልት ወሰድኳቸው። ባሕር ዳር እንግዳ የመጣበት ሰው ሌላ ምርጫ የለውም። ጠዋት ጣና ላይ ጀልባ፣ ከሰዓት ሐውልቱ። ሐውልቱ ደርግን ሲታገሉ ለወደቁት መታሰቢያ የቆመ ነው። ከሥሩ ዓባይ ከጣና ወጥቶ፣ ገና እግሩን እያፍታታ፣ ቀስ ብሎ ያልፋል። ጥላ አለ፣ ነፋስ አለ። ሙሽሮችም ነበሩ፤ ሙሽራዋ ቬሎዋን በሁለት እጇ ሰብስባ ስትራመድ ካሜራማኑ «እዚያው ቁሚ! ወደሱ እዪ! ሳቅ!» እያለ ያዝዛታል።

ጋሼ አንጋጠው ሐውልቱን አዩ።

«ስንት ሜትር ይሆናል?»

«እኔ እንጃ ጋሼ፣ ለክቼው አላውቅም።»

ቀጥሎ ወንዙን አዩና ያችን ቃል ተናገሩ። እሷም አልበቃቻቸውም። «የወዳጅነት አደባባይን ፏፏቴ አይተኸዋል? በሙዚቃ ይጨፍራል እኮ!» አሉኝ።

«ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል» ይላሉ አባቶቻችን። ተረት ምረጥ ብትሉኝ እሷን ነው የምመርጠው። ስንቱን ጉረኛ አፉን አስይዤባታለሁ። ግን አባቶቻችን ዓባይ ፊት ቆሞ የቧንቧ ውሃ ለሚያመሰግን ሰው የሚሆን ተረት አልተዉልንም። እንዲህ ያለ ሰው ይመጣል ብለው አልጠረጠሩማ!

ለነገሩ ጋሼ የመጀመሪያው አይደሉም። ጄምስ ብሩስ የሚባል ስኮትላንዳዊ ነበር። በፈረንጆቹ 1770 ያን ሁሉ ባሕርና ተራራ አቋርጦ ሰከላ ገባ፤ የዓባይ መነሻ ወደሆነው ግሽ ዓባይ ደረሰ። የጠበቀው ምን እንደሆነ እንጃ፤ ያገኘው ሣር የለበሰች ጉብታና ምንጭ ነው። ከኮኮነት ቅርፊት በተሠራ ዋንጫ ውሃውን ቀድቶ ለንጉሡ ለሦስተኛው ጆርጅ ጤና ጠጣ። ከዚያ ከፋው። ራሱ ነው የጻፈው፤ ደስታው ብዙም ሳይቆይ ትካዜ ወረደበት። ይኸው ነው እንግዲህ፤ ሰው አገሩ ያሉትን ወንዞች በልቡ እያነጻጸረ ከመጣ ምኑም አይጥመውም።

ደግሞ እኮ እኔ ነኝ የመጀመሪያው ባይ ነበር። ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው ኢየሱሳዊ ቄስ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በ1618፣ እዚያው ቦታ ደርሶ ነበር። መቶ ሃምሳ ሁለት ዓመት ቀድሞታል። ብሩስ ግን ይህን ሊቀበል አልፈለገም። ሁለቱ የሚፎካከሩበትን ምንጭ የሰከላ ሰው ከነሱ በፊትም ጸበል ብሎ ሲጠመቅበት ኖሯል። «አገኘሁት» ብሎ የጮኸ አልነበረም፤ ጠፍቶበት አያውቅማ።

ወደ ጋሼ ልመለስ። ልባቸውን ላሞቅ ብዬ ዓባይ ከጣና ጋር ሳይቀላቀል መሃሉን ሰንጥቆ ያልፋል የሚባለውን ነገርኳቸው። ሽማግሌ ሲያወራው ደስ ይላል። እሳቸው ግን «ታዲያ መስመሩ የታለ?» አሉ።

ጢስ ዓባይንም ማየት ፈለጉ። ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ችግር የለም፤ ችግሩ ጥር መሆኑ ነው። በበጋ ውሃው ወደ ኃይል ማመንጫው ሲዞር ፏፏቴው ይሳሳል። እሳቸው የሚያውቁት ደግሞ የድሮው የአንድ ብር ኖት ላይ የነበረውን ነው። ያኔ ፏፏቴውም ብሩም ጉልበት ነበራቸው። አሁን ብሩ ሳንቲም ሆኗል። ስለ ፏፏቴው እኔን ከመውቀሳቸው በፊት ኪሳቸውን ቢያዩ ምን ነበረበት?

ድልድዩን ግን ወደዱት። «እሱስ ጥሩ ነው» አሉ። ወንዙ አነሳቸው፣ ድልድዩ በቃቸው!

ድልድይ ሲነሳ ደግሞ እኔ ዝም ማለት አልችልም። ቂም አለኝ። የድሮው ድልድይ ብቻውን በነበረ ጊዜ ጠባቂ ነበረው፤ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነበር። እህቴ የተመረቀች ቀን ወንዙ ዳር አቁሜ አነሳኋት። ከየት መጣ ያላልኩት ጠባቂ ስልኬን ተቀበለኝ። ለካ በጆሮዋና በቆቧ ዘርፍ መካከል የጣት ጥፍር የምታህል ድልድይ ገብታለች! «አጥፋው!» አጠፋሁት። አንዱን ብቻ ሳይሆን የዚያን ቀን ፎቶ በሙሉ። እናቴ ከጎኗ የቆመችበትን ጭምር። ግንቦት 2016 ላይ 380 ሜትሩ አዲስ ድልድይ ሲመረቅ ቴሌቪዥኑ ከላይ አሳየን፣ ከታች አሳየን፣ በመብራት አሸብርቆ ማታም አሳየን። ደስ ብሎኛል፣ ድልድዩ ያምራል። የእህቴን ፎቶ ግን ማን ይመልስልኝ?

ምን ላይ ነበርኩ? አዎ፣ ጋሼ። ይህን ሁሉ ስለፈልፍላቸው የያዙትን ሃይላንድ ጠጥተው ጨረሱ። ክዳኑን አጥብቀው ዘጉት፤ እሱን አይቻለሁ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ኋላ ሰብሰብ አድርገው ወደ ዓባይ ወረወሩት። ትልቅ ሰው ናቸው፣ የባለቤቴ አጎት ናቸው፤ ምን ልበል? «ጋሼ፣ ቆሻሻ መጣያ ነበረ እኮ» አልኩ፣ አንገቴን ደፍቼ።

«ምን አለበት ልጄ፣ ይወስደዋል» አሉኝ።

ለፕላስቲክ ሲሆን ትልቅ ወንዝ ነው ማለት ነው! የንዴቴ ንዴት ይሄ ነው። እንቦጩ ጣናን ያስጨነቀው አይበቃም? ደግሞ እሳቸው ብቻ አይደሉም። ዳሩን ብትዞሩ ሃይላንዱ፣ የቆሎው ፌስታል፣ የሶፍቱ ቁራጭ እዚያው ነው። ሙሽሮቹም እሱን እግራቸው ሥር አድርገው ነው ሳቅ የሚባሉት፤ ካሜራማኑ ከወገብ በላይ ያነሳል።

ጋሼ ማክሰኞ በሰላም አገራቸው ገቡ። ለባለቤቴ ደውለው አመሰገኑ። ሐውልቱንም ወንዙንም አላነሱም። «ያ የጠበሽልኝ ዓሣ ግን!» አሉ፣ ሁለቴ። ከየት የመጣ መስሏቸው እንደሆነ ልጠይቃቸው ስልኩን ብላት ባለቤቴ ከለከለችኝ።