ሳይረኑ ጮኸ፤ ሺፍቱ ግን ቀጠለ

ታኅሣሥ 1 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 10 ቀን 2021፣ የአሜሪካን መሃል አገር ቶርኔዶ፣ ማለትም እየተሽከረከረ ያገኘውን የሚያፈርስ አውሎ ነፋስ፣ በላይ በላዩ መታው። እስከ ማግስቱ ዘልቆ 89 ሰው ገደለ። ነገሩ ሲነሳ ሁሉም የሚያወራው የነፋሱን ጉልበት ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ የሥራ ፈረቃው ነው።

ሜይፊልድ፣ ኬንታኪ። እዚያ ያለ አንድ የሻማ ፋብሪካ ለገና ገበያ ሌት ተቀን ይሠራ ነበር። ማታ ውስጡ 110 ያህል ሰው ነበር። የማስጠንቀቂያው ሳይረን መጀመሪያ የጮኸው ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ግድም ነው፤ ቶርኔዶው ፋብሪካውን ያፈረሰው ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል አካባቢ። አራት ሰዓት ሙሉ! ከተረፉት አንዳንዶቹ ጥለው ከሄዱ እንደሚባረሩ አለቆቻቸው እንደነገሯቸው ተናግረዋል። ኩባንያው በፍጹም አላልንም ብሏል። ዘጠኝ ሰው ሞተ።

በዚያው ምሽት ኤድዋርድስቪል፣ ኢሊኖይ፣ የአማዞን መጋዘን ግድግዳ ተደርምሶ ስድስት ሰዎች ሞቱ። የፌደራሉ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ሲመረምር ያገኘው ጉድ ነው። ሠራተኛውን ለመጥራት የተዘጋጀው ድምፅ ማጉያ ተቆልፎበት ነበር። መጠለያ የተባለው በሰሜን በኩል ያለው መጸዳጃ ቤት ሆኖ ሳለ፣ የተወሰኑት የሮጡት ወደ ደቡቡ ነው። የፈረሰውም የደቡቡ ወገን ነው። ቅጣት? የለም። የማሳሰቢያ ደብዳቤ ተጻፈ፣ በቃ።

ቀጣሪዎች «በዚያ ሰዓት መኪና ይዞ መውጣት ይብሳል» ይላሉ። ልክ ናቸው፤ ለመጨረሻዎቹ 20 ደቂቃዎች። ትንበያው ግን ቀን ላይ ወጥቶ ነበር። መወሰን የነበረበት ያኔ ነው። ማታ 3 ሰዓት ላይ ሠራተኛው ምን ምርጫ አለው?

ዳላስም ናሽቪልም ሌሊት ዕቃ ሲደረድር የሚያድር አበሻ ሞልቷል። ወገኔ፣ ሱፐርቫይዘርህን ዛሬውኑ ጠይቀው፦ መጠለያው የትኛው ክፍል ነው? ልምምድስ መቼ አደረግን? ይህን መጠየቅ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ሕጉ ደግሞ አንድ ነገር ይበል። ከባድ የቶርኔዶ ትንበያ በወጣበት ቀን የማታው ሺፍት ይሰረዝ፣ ደመወዙም ይከፈል። ቀጣሪው ውድ ነው ይል ይሆናል። የአንድ ሌሊት ሒሳብ ነው፤ ይክፈል።